መርዝ የሚያቦካ እርሾ፦ ስለ ከርሰ ምድር ውኃችን የተደረገ ንግግር



ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የመስታወት ብልቃጥ ታያላችሁ። ሁለቱም እስከ ግማሻቸው ውኃ አላቸው። በአንደኛው ናፍጣ ጠብ አድርጌበታለሁ፤ ናፍጣው ከላይ ተንሳፍፎ ቀለማም ክበብ ሠርቷል፣ ከኋላ ለተቀመጣችሁም ሳይታያችሁ አይቀርም። ሁለተኛውን ቅድም ከፊት ላሉት ልጆች ሰጥቻቸው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ዝም ብሎ ውኃ ነው» አሉኝ። ዝም ብሎ ውኃ አይደለም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩን ብታዩት፣ ቀለም የሌለው ጠብታ እንደ መስታወት ዶቃ ድብልብል ብሎ ተቀምጧል። ብልቃጡን ሳዘነብለው ይንከባለላል፤ ሳቃናው ይመለሳል። ከውኃው ጋር አይዋሐድም፣ ወደ ላይም አይወጣም። ክዳኑ ጠብቆ ታሽጓል፤ አልከፍተውም።

ይህ ጠብታ ቴትራክሎሮኤትሊን ይባላል፤ ባለሙያዎች ፒሲኢ ብለው ያሳጥሩታል። ሱፍ ልብስና ካፖርት ያለ ውኃ የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው፤ «ደረቅ እጥበት» የምንለው ማለት ነው። ታናሽ ወንድሙ ትራይክሎሮኤትሊን ወይም ቲሲኢ ደግሞ ከብረት ላይ ግራሶና ቅባት ጠራርጎ ለማንሣት በየፋብሪካውና በየአውሮፕላን ጥገናው ሲሠራበት ኖሯል። ሁለቱም ቅባት በማሟሟት አቻ የላቸውም፤ እሳትም እንደ ቤንዚን ቶሎ አይይዛቸውም። የተወደዱትም ለዚህ ነው። በስማቸው መካከል ያለውን «ክሎር» ስትሰሙ ግን በቤታችሁ የምታውቁት ውኃ አጋር እንዳይመስላችሁ። ውኃ ለማከም የምንጨምረው ክሎሪን ጀርም የሚገድል ነው፤ እርሱን በታዘዘው መጠን ተጠቀሙ። እኔ የምነግራችሁ ክሎሪኑ ከካርቦን ጋር በጥብቅ ስለ ተሳሰረበት ፈሳሽ ነው። ቲሲኢን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰውን ለካንሰር እንደሚዳርግ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ አስገብቶታል፤ ፒሲኢን ደግሞ ሳይዳርግ አይቀርም ከሚላቸው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ፒሲኢ ግን 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ክብደት ነው። ናፍጣ መሬት ላይ ቢደፋ ሰርጎ ሰርጎ ውኃው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ይንሳፈፋል፤ ፈልጎ ለማግኘትም ለመቅዳትም ቢያንስ ቦታው ይታወቃል። ፒሲኢ ውኃው ጋ ደርሶ አይቆምም። ውኃውን ሰንጥቆ ይወርዳል፤ ሸክላ አፈር ወይም ያልተሰነጠቀ አለት እስኪያግደው ድረስ ይወርዳል፤ ሲታገድም ውኃው በሚፈስበት አቅጣጫ ሳይሆን ሸክላው ባዘነበለበት አቅጣጫ እየተንሸራተተ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። እዚያ ተኝቶ በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። በአንድ ሊትር ውኃ የሚሟሟው ቢበዛ 200 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ ሕግ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። የሚሟሟው ከሚፈቀደው 40,000 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ድፋት ለአያት፣ ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲሟሟ ይኖራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ፒሲኢ 1.62 ኪሎ ነው፤ በማይክሮግራም ሲቆጠር 1,620,000,000 ይሆናል። ለ5 ስናካፍለው 324 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ጣሪያው ላይ ያደርሳል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ብንወስድ 16 ሚሊዮን 200 ሺህ ጀሪካን ነው። መቶ ሺህ ሰው በየቀኑ አንድ አንድ ጀሪካን ቢቀዳ ይህን ውኃ ለመጨረስ 162 ቀን ይፈጅበታል፤ ከአምስት ወር በላይ። ከአንድ ሊትር! በእርግጥ ከመሬት በታች ያለ ፈሳሽ እንዲህ እኩል ተከፋፍሎ አይሟሟም፤ አንዱ ጉድጓድ ሲመረዝ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ሒሳቡን ያመጣሁት የነገሩን ልክ በእጃችሁ ልትይዙት በምትችሉት ዕቃ እንድትመዝኑት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ከወልድያ ቁልቁል የምናየው የቆቦ ግራና ሸለቆ ምን እንደሆነ ገበሬው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በምዕራብ ያሉት ተራሮች ለብዙ ሺህ ዘመን በጎርፍ እየተሸረሸሩ ጠጠሩን፣ አሸዋውንና ሸክላውን ወደ ሸለቆው አውርደው ሞልተውታል። አላ ውኃ፣ ጎሊና፣ ሆርማት፣ ግራና፣ እነዚህ ወንዞች ከተራራው ሲወርዱ እያየናቸው ሜዳው ላይ ይሳሳሉ፣ አንዳንዶቹም አሸዋው ውስጥ ይጠፋሉ። አይጠፉም፤ ወደ ታች ነው የሚሄዱት። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሮ፣ ፓምፕ ተክሎ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ እንዲለማ ያደረገው በዚያው በጠፋ በሚመስለን ውኃ ነው። ዝናብ ሲከዳን ያ ውኃ አልከዳንም። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለሕዝብ ካደረሳቸው የማሽላ ዝርያዎች ሁለቱን ሆርማትና ግራና-1 ብሎ መሰየሙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የእህላችን ስም የወንዞቻችን ስም ሆኗል።

ጠጠርና አሸዋ ውኃን በቀላሉ ያስገባል። ይህ በረከት ነው። በዚያው በር ግን ሌላውም ይገባል። ዛሬ በከተሞቻችን ጋራዦች የሚደፋው በአብዛኛው የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣና ቤንዚን ነው፤ የአንደኛው ብልቃጥ ዓይነት። ሁለተኛው ብልቃጥ የሚመጣው ከልብስ እጥበቱ፣ ከብረታ ብረቱ፣ ከትላልቅ ወርክሾፑ ጋር ነው። ወልድያ ወደ ደሴ፣ ወደ መቀሌና ወደ ደብረ ታቦር የሚሄዱት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ እንዲዘረጋ የተወጠነው የባቡር መሥመርም መድረሻው እዚሁ ደጃችን ነው። ባቡር ያለበት ወርክሾፕ አለ፤ ወርክሾፕ ያለበት ቅባት ማንሻ ፈሳሽ አለ። እንዲመጣ የምንፈልገው ነገር ነው፤ ስለዚህም ሳይመጣ በፊት ነው ልነግራችሁ የመጣሁት።

ፋብሪካ ቀድሞ የመጣበትን አገር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ በአንድ ከተማ ተሰባስቦ ፍሳሹ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና ይገባል። ተመራማሪዎች እነዚያን ወንዞች ለክተው ከቆዳ ፋብሪካው በታች ክሮሚየም፣ ከብረት ሥራው በታች ዚንክ አግኝተዋል። አዲስ አበባ ውስጥም ዋና ከተማዋን የሚያጠጣው የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ያለው ፋብሪካ ከበዛበት ከአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ነው፤ በመሐል ከተማው ከርሰ ምድር ውኃ ውስጥም ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ወንዝ ሲበከል ቀለሙ ይለወጣል፣ ይሸታል፣ ከብት አልጠጣም ይላል። ከርሰ ምድር ውኃ በፒሲኢ ሲበከል ቀለሙ አይለወጥም፤ በዚያ በትንሹ መጠን ሽታም የለውም። ከብቱም ይጠጣዋል።

ክሎሪን የያዘ ኬሚካል ለዚህ ሸለቆ አዲስ እንግዳ እንዳልሆነ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር። ዲዲቲ በየጎጆው ግድግዳ ተረጨ። ዲዲቲም እንዲሁ ክሎሪን የታሰረበት ነው። ይህን ስናገር ያን ሥራ ለማንቋሸሽ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ የሚያውቅ ሰው ረጪዎቹን አያንቋሽሽም። ዲዲቲ ደግሞ አፈር ላይ ሙጭጭ የሚል ነው፤ እንደ ፒሲኢ ወደ ጥልቅ ውኃ አይሮጥም። የማነሣው ስለ ኋላ ጣጣው ነው። በአገራችን መጋዘኖች ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተከማችቶ ሲገኝ፣ በምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ከ1,000 ቶን በላይ እየታሸገ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። በርሜል ነውና ተጫነ። የከርሰ ምድር ውኃ ግን በበርሜል ተጭኖ ፊንላንድ አይሄድም። ባለበት ነው የሚታከመው።

እንዴት ይታከማል? አሜሪካኖች መጀመሪያ የሞከሩት በጉልበት ነበር። በማሳቹሴትስ ዎበርን በምትባል ከተማ ጂ እና ኤች የተባሉ ሁለት የሕዝብ ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. በ1979 ቲሲኢና ፒሲኢ ተገኝቶባቸው ተዘጉ፤ ልጆቻቸው በደም ካንሰር የታመሙባቸው ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ቆሙ። በሰሜን ካሮላይና ካምፕ ለጁን በሚባለው የጦር ሰፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ወታደርና ቤተሰቡ የተመረዘ ውኃ ጠጣ። በጦር ሰፈሩ ካሉት መኖሪያዎች የአንደኛው ብክለት ምንጭ ከአጥሩ ውጭ የነበረ አንድ ልብስ እጥበት ቤት ነው። አንድ ልብስ እጥበት! እንዲህ ባሉ ቦታዎች ውኃውን በፓምፕ እያወጡ፣ በአየር እያናፈሱ፣ በከሰል እያጣሩ ለዓመታት ቆዩ። ፓምፑ ሲሠራ መጠኑ ይቀንሳል፤ ሲቆም ሸክላው ላይ የተኛው ጠብታ እንደገና ይሟሟና ይመለሳል።

መፍትሔው የመጣው ከፍሳሽ ማጣሪያ አተላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፍሪድማንና ጎሴት የተባሉ ሁለት ሰዎች አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ፒሲኢን ክሎሪኑን ሁሉ ገፍፈው ምንም ጉዳት ወደሌለው ነገር እንደሚለውጡት አሳዩ። ማን እንደሚሠራው ግን አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ማይሞ-ጋቴልና ባልደረቦቹ በዚያው በኮርኔል ሠራተኛዋን ነጥለው አወጧት፤ የተገኘችውም ከኢትካ ከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ደሃሎኮኮይደስ ተባለች። ቅርጿ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለት ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ነው የሚሞሉት።

ይህች ፍጥረት ኑሮዋ እንግዳ ነው። እኔና እናንተ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። እርሷ ኦክስጅን ሲነካት ትሞታለች፤ የምትተነፍሰው ክሎሪን የታሰረበትን ኬሚካል ነው። ለመተንፈስ ብላ ክሎሪኑን ትፈታዋለች፣ በቦታው ሃይድሮጅን ትተካለች፤ ከዚያ በሚገኘው ጉልበት ትኖራለች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ስኳር ብትሰጧት አትበላም፤ ብቻዋን ብታስቀምጧት በደንብ አታድግም። ሃይድሮጅኑን የሚያዘጋጁላት፣ ቢ12 የተባለውን ቫይታሚን የሚያካፍሏት፣ ኦክስጅኑን ቀድመው ጠጥተው የሚጨርሱላት ሌሎች ባክቴሪያዎች በዙሪያዋ መኖር አለባቸው። በእኛ በወሎ ቋንቋ ሥራው የጅጌ ሥራ ነው።

እናቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እርሾ ማለት ምንድን ነው? ትናንት ካቦካው ሊጥ የቀረ፣ ከላይ ያቀረረ ብጫ ውኃ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ሕዝብ ነው፣ አንዱ የሌላውን ትርፍ እየበላ የሚኖር ሕዝብ። እቃው ይከደናል። እርሾው ሞቶ እንደሆነ ሊጡ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ይቀመጣል እንጂ ወግ ያለው እንጀራ አይወጣውም። ያን ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ? ጎረቤት ሄዳችሁ እርሾ ትዋሳላችሁ። የውኃ ሐኪሞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ታሪኩን ወዲያው እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ደረጃውን ቁጠሩልኝ። ፒሲኢ አራት ክሎሪን አለው። አንዱ ሲፈታ ሦስት ይቀራል፤ ቲሲኢ ይሆናል። ሌላው ሲፈታ ሁለት ይቀራል፤ ዳይክሎሮኤትሊን ይባላል። ሌላው ሲፈታ አንድ ይቀራል፤ ቪኒል ክሎራይድ ነው። የመጨረሻው ሲፈታ ኤትሊን ይሆናል። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ።

ኤትሊንን የመርሳ ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቀው ሥራውን ያውቀዋል። ያልበሰለ ማንጎ ከበሰለ ፓፓያ ጋር በአንድ ዕቃ ሲታፈን ቶሎ የሚበስለው ለምንድን ነው? ፍሬው ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ከራሱ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ታፍኖ ሲቀር ያልበሰለውን ያበስለዋል። ከመሬት ሥር መርዝ የነበረው ነገር አራቱን ክሎሪን ሲያራግፍ የሚሆነው ያንኑ የመርሳን ማንጎ የሚያበስለውን ጋዝ ነው። ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ መስኮት ላይ ተቀመጥሁ።

አሁን ግን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደርሻለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህን አትርሱት። ሥራው መሐል ላይ ከቆመ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት የሚያወርዱ ባክቴሪያዎች በየቦታው ብዙ ናቸው። ከሁለት አልፈው እስከ ዜሮ የሚያደርሱት ግን በዋናነት ደሃሎኮኮይደሶች ናቸው፤ ከእነርሱም ሁሉም አይደሉም፣ ለቪኒል ክሎራይድ የሚሆነውን መፍቻ በዘራቸው የያዙት ብቻ። እነርሱ በሌሉበት ሥራው ሁለት ላይ ይገተራል፤ ደካሞች ከሆኑ ደግሞ አንድ ላይ ይገተራል። አንድ ላይ የሚገተረው ቪኒል ክሎራይድ ከፒሲኢ የባሰ መርዝ ነው፤ ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደለትም በሊትር 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ፒሲኢው ጠፍቷል» ቢላችሁ ደስ አይበላችሁ። ወደ ምን ተለወጠ? ብላችሁ ጠይቁት። ኤትሊን ለክቶ ካላሳያችሁ ሥራው አላለቀም።

አሁን ወደ እርሾው ልመለስ። በቴክሳስ ኬሊ በተባለ የአየር ኃይል ሰፈር የከርሰ ምድር ውኃው ተበክሎ ነበር። ባክቴሪያዎቹን መገቧቸው፤ ፒሲኢው ወረደ፣ ወረደና ሁለት ክሎሪን ላይ ተገተረ። ምርመራ ሲደረግ ደሃሎኮኮይደስ በቦታው የለችም። ያን ጊዜ በካናዳ ኦንታሪዮ ከሌላ የተበከለ ቦታ የተገኘ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኤልሳቤጥ ኤድዋርድስና ባልደረቦቿ ያሳደጉት፣ ኬቢ-1 የተባለ እርሾ ነበረ። ያን አምጥተው በአንዱ የሙከራ ቦታ ጨመሩት፤ በጎኑ ያለውን ለማነጻጸሪያ ሳይጨምሩ ተዉት። በ200 ቀን ውስጥ እርሾ በገባበት ቦታ ፒሲኢውም፣ ቲሲኢውም፣ ዳይክሎሮኤትሊኑም ከ5 ማይክሮግራም በታች ሆነ፤ የጎደለው ሁሉ ኤትሊን ሆኖ ተገኘ። ያልገባበት ሁለት ላይ እንደተገተረ ቀረ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

ለምግባቸው ምን እንደሚሰጧቸው ስሰማ የአገሬ ጓዳ ነው የታየኝ። በአንዱ ቦታ ሞላሰስ ያፈሱላቸዋል፤ የስኳር ፋብሪካዎቻችን ተረፈ ምርት የሆነውን ጥቁር ማር መሳይ ነገር። በሌላው ቦታ የምግብ ዘይት ከውኃ ጋር እንደ ወተት እስኪነጣ መትተው ይጨምራሉ። በአይዳሆ ቴስት ኤሪያ ኖርዝ በተባለው ቦታ ደግሞ መጀመሪያ ከላክቲክ አሲድ የተሠራ ጨው ሲያፈሱ ቆይተው በኋላ ወደ አጓት ዱቄት ዞሩ። አዎ፣ አጓት፤ አይብ ወጥቶ የሚቀረው። ባክቴሪያዎቹ አጓቱን ሲያብላሉ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ያ ሃይድሮጅን ነው ለሠራተኛዋ የሚደርሰው።

ሙቀቱም ከእኛ ጋር ነው። ደሃሎኮኮይደስ በደንብ የምትሠራው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ በካናዳ የከርሰ ምድር ውኃ 10 ዲግሪ ገደማ በሆነበት እንኳ እየተንቀራፈፈች ትሠራለች። የቆላው ውኃችን ከዚያ ሞቅ ያለ ነው። ግን ከዚህ ተነሥታችሁ ነገ ሞላሰስ በበርሜል ገዝታችሁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትደፉ! ለባክቴሪያ ምግብ ሲሰጥ ውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ብረትና ማንጋኒዝ ከአፈሩ ይለቀቃል፣ ሽታ ይመጣል፤ አርሴኒክ ያለበት አፈር ከሆነ እርሱም ሊለቀቅ ይችላል። ሕዝብ ከሚጠጣበት ጉድጓድ አጠገብ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ለክቶ የሚጀመር፣ እየለኩ የሚሄዱበት፣ ለክቶ የሚጨረስ ሥራ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ውዱ መለኪያው ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ፣ የሚያንቀሳቅሰው የሠለጠነ ሰው፣ የማይቋረጥ መብራት፣ በየአቅጣጫው የተቆፈረ የመከታተያ ጉድጓድ ያስፈልጋል። በአገራችን ረቂቅ ተሕዋስያንን ለፍሳሽ ማጣሪያ ማሠራት ያልተሞከረ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ሥዩም ለታ የቆዳ ፋብሪካን ፍሳሽ በባክቴሪያ ሲያክሙ ኖረዋል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣቶች፣ ይህ መስክ ሰው ይፈልጋል። እያንዳንዱን ነገር ውጭ ልከን እስክናስለካ ድረስ ውኃው አይጠብቀንም።

የራሴን ልንገራችሁና ላብቃ። ገና እንደተመረቅሁ በአንድ ላቦራቶሪ ተቀጠርሁ። ሥራ ባለቀ ቁጥር የተረፈውን ክሎሮፎርም በብርጭቆ ባልዲ ሰብስቤ ከሕንፃው ጀርባ ካለች ጠጠር የተሞላች ጉድጓድ እንድደፋ ታዘዝሁ። ክሎሮፎርምም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከውኃ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ይባስ ብሎ ደሃሎኮኮይደስን ራሷን ሥራ ያስፈታታል። ይህን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። «ይተናል» ነበር የሚባለው። እውነት ነው፣ ከሰሐን ላይ ይተናል። ከጠጠር ሥር ግን ሁሉም አይተንም። ሁለት ዓመት ደፋሁ። አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው ከጉድጓዷ ሠላሳ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ካለ የእጅ ፓምፕ ውኃ ቀድቶ ቡና ሲያፈላ አየሁት። አቦሉን አብሬው ጠጣሁ፤ ቶናውንም። ስኒውን እንደያዝሁ ዐይኔ ወደዚያች ጠጠር ሄደ፣ ከዚያ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያ ወደ መሬቱ ቁልቁለት። ከዚያ ቀን በኋላ አልደፋሁም፤ የደፋሁትን ግን መልሼ ልቀዳው አልቻልሁም። እኔ በርትቼ የተማርሁት ከዚያች ስኒ በኋላ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ጋራዥ ያላችሁ፣ የተቃጠለውን ዘይትና የመለዋወጫ ማጠቢያውን ፈሳሽ በአንድ በርሜል አትቀላቅሉ፤ የተቀላቀለ ነገር ማንም አይረከባችሁም። በርሜሉን በአፈር ላይ ሳይሆን በሲሚንቶ ላይ፣ ጠርዝ ባለው ገንዳ ውስጥ አቁሙት። ልብስ እጥበት ለመክፈት ያሰባችሁ፣ የምትገዙት ማሽን በምን ፈሳሽ እንደሚሠራ ሻጩን በስም ጠይቁት፤ ሲያልቅ የሚቀረውን ጭቃ የት እንደምታደርሱት ሳታውቁ ማሽኑን አትትከሉ። ብክለትን ያደረሰ ሰው አጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ክፈል ተብሎ የተጻፈው በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው፤ የሚጸዳው ውኃ ስንት ሊሆን እንደሚችል ሒሳቡን ቅድም አብረን ሠርተነዋል።

ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ ደግሞ፣ ማኅበርም ሁኑ ግለሰብ፣ ቆፋሪው የሚሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉት። በስንት ሜትር ጠጠር፣ በስንት ሜትር ሸክላ እንደተገኘ የሚናገረው እርሱ ነው። ይህ ጠብታ አንድ ቀን ወደዚህ ሸለቆ ቢወርድ የት እንደሚተኛ የሚነግረን ያ ሸክላ ነው፤ ሸክላውን የሚያውቀው ያ ወረቀት ነው። ፎቶ አንሥታችሁ ቅጂውን ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ ዋናውን ቤታችሁ አኑሩት፣ ከቤቱ ካርታ ጋር።

 ልጆች፣ የናፍጣውን ብልቃጥ እናንተው አስቀምጡት። ይህኛውን እንደታሸገ በቦርሳዬ ይዤው እመለሳለሁ።